ሠላሳ ስድስት ስንዝር

ሰው ሁሉ ፈሪ ይለኝ ነበር፤ አልተሳሳቱም። በር ዘግቼ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ መዝጋቴን አያለሁ። እሳት አጥፍቼ አመዱን በእጄ እዳብሳለሁ። ወፍጮ ቤት ልሄድ ስነሳ የጆንያውን አፍ ሦስት ጊዜ አስረዋለሁ። ባለቤቴ አለኸኝ «አንች እኮ ዶሮዎቹን እንኳ ቆጥረሽ፣ ደግመሽ ቆጥረሽ ነው የምትተኚ» እያለ ይስቅብኛል። ዛሬ የምነግራችሁ ያ ፍርሃቴ አንድ ረቡዕ ቀን ምን እንደሠራልኝ ነው።

ይታይሽ እባላለሁ። የምንኖረው ከጅጋ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ገባ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። በቆሎና ጤፍ እናመርታለን፤ ገበያ ላይ የሚያስጠራን ግን በርበሬያችን ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሦስት ልጆች አሉኝ። የመጨረሻዋ ባንቺአምላክ ትባላለች፤ እኛ ባንቺ እንላታለን። ይህ ሲሆን አሥር ዓመቷ ነበር።

ባንቺን ያማጥኩት በሐምሌ ነው። ምጡ ሁለት ቀን ያዘኝ፤ በሦስተኛው ቀን ጥሩንባ ተነፋ። በእኛ አገር እያንዳንዱ ጎጥ የቃሬዛ ማኅበር አለው። ሰው ሲጠና ጥሩንባ ይነፋል፤ ወንዱ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል፤ በሽተኛውን በእንጨትና በጠፍር በተሠራ ቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ያደርሳል። መኪና በማይገባበት አገር አምቡላንሱ የሰው ትከሻ ነው። እኔንም በዚያ ጭቃና በሞላ ወንዝ ተሸክመው አወጡኝ። የፊቱን ቀኝ የያዙት የማኅበሩ ሰብሳቢ አያ ፈንታ ነበሩ። ውሃው ደረታቸው ደርሶ «ከፍ አድርጉ! ልጅቱን እንዳይነካት!» ሲሉ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ፍኖተ ሰላም ደርሼ በሐኪም እጅ ተገላገልኩ። ልጄ ግን ቶሎ አላለቀሰችም። ሳታለቅስ የቆየችበት ያ ጊዜ እግሮቿን ይዞባት ቀረ። አእምሮዋና እጆቿ ደህና ናቸው፤ እግሮቿ ግን አልታዘዝ አሏት።

እንግዲህ እኔም ባንቺም በሕይወት ያለነው በነዚያ ሰዎች ትከሻ ነው። ቀጥዬ የምነግራችሁ ነገር የከበደኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባንቺን ስምንት ዓመት በጀርባዬ አዘልኳት። ስምንት ዓመት ሲሞላት ይርጋለም የምትባል ወጣት ቤታችን መጣች። የቡሬ ልጅ ናት፤ ሥራዋ አካል ጉዳተኛ ያለበትን ቤት እየዞሩ ማገዝ ነው። «ከማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ነው የመጣሁት» ስትል ቤታችን ተቀምጠው የነበሩት የንስሐ አባታችን ብድግ አሉ።

«የምን ተሐድሶ? ሃይማኖታችንን ልትነኪ ነው?»

«ኧረ አባቴ! የእኔ ሥራ ከጉልበት በታች ነው፤ ሌላውን ለእርስዎ ትቻለሁ።»

አባም ሳቁ፣ ባረኳት፣ ባንቺንም ባረኩ።

ይርጋለም የባንቺን እግር እንዴት እያፍታታሁ እንደምዘረጋ አሳየችኝ። አለኸኝ በግቢያችን ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና አግድም አቆመ፤ ባንቺ እሱን ይዛ መቆም ለመደች። ቀጥሎ ዊልቸር መጣላት። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የበራችን ነገር ነው። ደፋችን አንድ ስንዝር ከፍታ ነበረው። ይርጋለም አለኸኝን አፈር አስደልድላ አሥራ ሁለት ስንዝር ርዝመት ያለው መወጣጫ አሠራችው።

«ይሄን ያህል መንዛዛት ምንድን ነው?» አላት አለኸኝ። «በሁለት ስንዝር አይወጣም?»

«ይወጣል፤ ግን የሚወጣው ገፊው ነው። ለአንድ ስንዝር ከፍታ አሥራ ሁለት ስንዝር ርዝመት ከሆነ ልጅቱ ራሷ ትወጣለች።»

እውነትም በሦስተኛው ቀን ባንቺ ጎማውን በገዛ እጇ እያዞረች ወጥታ ቤት ገባች። እኔ ሲባጎ አምጥቼ በየስንዝሩ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ቋጠርኩበትና መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት። ፈሪ ሰው ዕቃ አይጥልም።

ቤታችን እንዲህ ቀለለ፤ ትምህርት ቤቱ ግን አልቀለለም። አገራችን ጥቁር አፈር ስለሆነ ክረምት ውሃው እንዳይገባ ብለው የክፍሉን ወለል ሦስት ስንዝር ከፍ አድርገውታል። ባንቺ እንድትገባ ማንሳት፣ ለእረፍት ማውረድ፣ እንደገና ማንሳት፣ ሲለቀቁ ማውረድ አለብኝ። በአረም፣ በአጨዳና በበርበሬ ለቀማ ጊዜ አልችልም፤ ስለዚህ ትቀራለች። ሁለተኛ ክፍልን ደገመች። ፊደሉም ቁጥሩም አልጠፋትም፤ የእናቷ እጅ ነው ያልደረሰ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ በቅን ፊት እንዲህ አሉኝ፦ «ይታይሽ፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት። ግን ዘንድሮም ግማሹን ቀን ከቀረች አሳልፌ ልጽፋት አልችልም።»

ለይርጋለም ነገርኳት። እሷም ሕጉን ይዛ ቀበሌ ገባች፤ የሕዝብ የሆነ ቤት ሁሉ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መሆን አለበት የሚለውን። ስብሰባ ተጠራ። ሲሚንቶ ከወረዳ፣ ድንጋይና ጉልበት ከሕዝቡ ተባለ። ይርጋለም የመወጣጫውን ሥዕል ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰጥታ፣ የምታግዛቸው ሌሎች ልጆች ስላሏት ወደ ሽንዲ ሄደች። ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ኅዳር ስለነበር እኔ በርበሬ ለቀማ ላይ ነበርኩ። ያየው ሁሉ «ያምራል» ይለኛል። የቃሬዛ ማኅበሩ ሰዎች ናቸው አሉ በነፍስ የሠሩት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ «ነገ ይመረቃል፤ ከወረዳም እንግዳ ይመጣል» ተባለ። ሌላ ሰው ነገን ይጠብቅ ነበር። እኔ አልቻልኩም። ባንቺን በወፍጮ ቤቱ ሚዛን አስመዝኛት ስለነበር ክብደቷን አውቃለሁ። ያንኑ የሚያህል በቆሎ፣ ግማሽ ጆንያ ገደማ፣ ዊልቸሩ ላይ አስቀምጬ በገመድ አሰርኩና እየገፋሁ ወረድኩ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ይስቃል።

«ይታይሽ፣ በቆሎሽን ልታስመዘግቢው ነው?»

«አዎ፤ ካንተ ልጅ ጎን ነው የማስቀምጠው!»

ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። መወጣጫው እውነትም ያምር ነበር። ድንጋዩ ተጠርቦ፣ ሲሚንቶው ልስልስ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች ደግሞ ቀይ በርበሬ ተሰጥቶበታል! በአካባቢያችን እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሜዳ ስለሌለ የትምህርት ቤቱ ጎረቤቶች ገና ሳይመረቅ የበርበሬ ማስጫ አድርገውታል። በርበሬውን ወደ ጎን ሰብስቤ ሲባጎዬን አወጣሁ።

ከፍታው ሦስት ስንዝር። ርዝመቱ ዘጠኝ። ስፋቱ አሥራ አራት።

ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። ከርዝመቱ ስፋቱ የሚበልጥ መንገድ አይቼ አላውቅም። ቆሜ ሳየው ቆየሁና በድንገት ገባኝ። ቃሬዛ ነው! ቃሬዛው፣ ግራና ቀኝ የሚሸከሙት፣ ከጎናቸው እየሄዱ ትከሻ የሚቀይሩት፤ ሁሉም ሲደመር አሥራ አራት ስንዝር ይሆናል። ሥዕሉ ላይ ያለው ቀጭንና ረጅም መንገድ ለሰው ልጅ አልመጥን ብሏቸዋል። በእኛ አገር መራመድ ያልቻለ ሰው ማለት ሰው የሚሸከመው ማለት ነው። ሊሸከሟት ነው የሠሩላት። ማንም እንዳይደናቀፍ አስፍተው፣ ልጄን አክብረው። እንባዬ መጣ። ክፋት ቢሆን እናደድ ነበር፤ ደግነት ሲሆን ሰው ምን ይላል?

ያም ሆኖ ሳልሞክረው አልመለስም አልኩ። ከጎን ተንበርክኬ፣ ባንቺ እንደምታደርገው ጎማውን በእጄ ማዞር ጀመርኩ። እኩሌታው ላይ ስደርስ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ መዳፌ አላበው፣ አዳለጠኝ። ዊልቸሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ታች ሲደርስ ተገለበጠ። ጆንያው ተቀደደ፣ በቆሎው ከበርበሬው ጋር ተደባለቀ፣ እኔም በበርበሬው ብናኝ ማስነጠስ ያዝኩ። ሰው ቢያየኝ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ጆንያው ድንጋዩን የመታው በላይኛው በኩል ነበር። የባንቺ ራስ በሚሆንበት በኩል።

በቆሎውን ለቅሜ ጆንያውን አሰርኩና በቀጥታ ወደ አያ ፈንታ ቤት ሄድኩ።

አያ ፈንታ ደጃፋቸው ላይ ከምላሰኛው ውበቱ ጋር አዲስ ቃሬዛ ይጠፍራሉ። ውበቱ ከማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ጉልበቱም ነገሩም የሚያይል ነው።

«እንዴት ዋሉ አያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! በይ ነይ እይልኝ ይታይሽ። ጠፍሩ የቀዩ በሬዬ ቆዳ ነው። ነገ ልጃችን እንደ ሙሽራ ነው የምትገባ።»

መቀነቴን ጨበጥኩ።

«አያ… መወጣጫው አጥሯል።»

«ምኑ?»

«ርዝመቱ። ባንቺ በራሷ እጅ ልትወጣው አትችልም።»

አያ ፈንታ በየዋህነት ሳቁ። «በራሷ ለምን ትወጣለች? እኛ ምን ሞትን?»

«እርሻ ላይ ስትሆኑስ?»

«ጥሩንባ ይነፋል፣ እንመጣለን።»

«በየቀኑ አያ? ጠዋት፣ ለእረፍት፣ ስትለቀቅ?»

ውበቱ ጠፍሩን እየጎተተ ቀና አለ።

«ይታይሽ፣ አንችን ያወጣ ትከሻ ለልጅሽ ጎረበጣት?»

«ተው አንተ!» አሉት አያ ፈንታ። ግን ፊታቸው ላይ ያ ቃል የእሳቸውንም ልብ እንደነካ አየሁ። «እንግዳ ተጠርቷል። ነገ ይመረቅና ሌላውን ኋላ እናያለን» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ኋላ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ ባንቺ በር ላይ ትጠብቀኛለች። «ለካሽው እማ?»

«ለካሁት። ዘጠኝ ነው።»

በጣቷ እንኳ አልቆጠረችም። «ሠላሳ ስድስት ነበር መሆን ያለበት። ሃያ ሰባት ይጎድላል።» ይህችን ልጅ ነው ሁለተኛ ክፍል ያስደገምናት። «ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ነገስ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«አያ ፈንታ ናቸው እኮ፣ ባንቺ።»

«አውቃለሁ» አለችና ጎማውን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች። ይህም ከውበቱ ቃል የባሰ ወጋኝ።

ረቡዕ ጠዋት ግቢው በሰው ተሞላ። በርበሬው ተነስቶ መወጣጫው ተጠርጓል፣ ቀይ ሪባን ተስቦበታል። ይርጋለም ከሽንዲ በቡሬ በኩል ስትከንፍ መጣች። መወጣጫውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ከወረዳ የመጣውን ሰውዬ ፈቀቅ አድርጋ ስታነጋግረው ሰማሁ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ቅጽ የያዘ ሰው ነበር።

«እህቴ፣ ቅጹ የሚለው "መወጣጫ አለ፣ የለም" ነው። ይኸው አለ።»

«ይወጣበታል ወይ?»

«እሱን የሚጠይቅ ቦታ የለውም።»

ይርጋለም ወደ እኔ መጣች። እንድታድነኝ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን ክንዴን ይዛ በሹክሹክታ «እትዬ ይታይሽ፣ እኔ ብናገር የወረዳ ሰው ቆጣን ብለው ይከፋቸዋል፤ ነገም እኔ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ሕጉን እኔ አምጥቻለሁ። ልኩን የምታውቂው አንች ነሽ።»

ወዲያው እልልታው ቀለጠ። አራት ሰዎች አዲሱን ቃሬዛ ይዘው ወጡ፤ ነጭ ጋቢ ተነጥፎበታል። ባንቺ ዊልቸሯ ላይ ሆና በምትጠብቅበት አጠገብ አስቀመጡት። አያ ፈንታ ጎንበስ አሉ።

«ነይ የኔ ልጅ። ነይ ዓለሜ።»

ባንቺ ቃሬዛውን አየችው። አንገቷን ደፍታ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ መለሰች፦ «አያ፣ ቃሬዛ ላይ የሚተኛ የታመመ ሰው ነው። እኔ ዛሬ ደህና ነኝ።»

እልልታው ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ሰው ከኋላ «ምነው፣ አስተማረቻት እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ያን ጊዜ ያ ጆንያ ዓይኔ ላይ መጣ። እኔ ፈሪ ነኝ አላልኳችሁም? ፈራሁ። አያ ፈንታን ማስቀየም ፈራሁ፤ የልጄን ራስ ግን የበለጠ ፈራሁ። ትልቁ ፍርሃት ትንሹን ገፍቶ አወጣው።

«አያ» አልኩ። «እኔን ከሞት አውጥታችኋል። ልጄንም። ይህን በእናንተ ፊት የምረሳ ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ይህችን የባንቺን ወንበር ይቀመጡባትና በእጅዎ ገፍተው ወደ ላይ ይውጡልኝ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሰባ ዓመት የሆናቸው፣ አገር የሚያከብራቸው ሰው! አለኸኝ በድንጋጤ እጄን ጎተተኝ። ውበቱ «ኧረ ይታይሽ፣ ሽማግሌ ላይ?» አለ።

አያ ፈንታ አልሳቁም። መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ ባንቺን አዩአት። ጋቢያቸውን አውልቀው ለውበቱ ሰጡት። እኔ ባንቺን አንስቼ ቃሬዛው ላይ አስቀመጥኳት፤ እሳቸው ዊልቸሩ ላይ ተቀመጡ። ሪባኑን አንድ ሰው ፈታው።

ጎማውን ያዙና ገፉ። ያርሱበት የነበረ ክንድ ነው፤ አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፣ ሦስት ስንዝር ወጡ። አራተኛው ላይ ቆሙ። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ሸክም የለመዱት ሰዎች ሊደግፏቸው ተንደረደሩ።

«እንዳትነኩኝ!» ሲሉ ሰዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ተዉኝ፤ ልሞክረው።»

አንድ ጊዜ ገፉ። ወንበሩ ትንሽ ንቅንቅ ብሎ እምቢ አለ። እጃቸው ለቀቀ። ወደ ኋላ ሲንሸራተቱ አለኸኝና ውበቱ ከታች ተቀበሏቸው፤ ምንም አልሆኑም። ግን ከወንበሩ አልተነሱም። እያለከለኩ መዳፋቸውን ያዩታል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ተሸክሜያለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «ለካ "ተዉኝ" የሚባልበትም ሰዓት አለ።»

ቀና አሉ። «ስንት ስንዝር ነው ያልሽው ይታይሽ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ባንቺ ከቃሬዛው ላይ መለሰች። «ሠላሳ ስድስት አያ!»

«አምጭ ሲባጎሽን።»

የወረዳው ሰው ሰዓቱን አየ። «አባቴ፣ ምርቃቱስ? ሪባኑስ?»

«ሪባኑን ያዘው ልጄ፤ አይበሰብስም።»

ያ ሁሉ ሰው ሳቀ፤ ሰውዬውም ሳቀ። ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «አለ» ያለበትን ሰርዞ ከጎኑ ባዶ ቦታ ላይ «አልተለካም» ብሎ ሲጽፍ አየሁት።

እዚያው ደቦ ሆነ። ዶማና አካፋ መጣ። ሲባጎዬን ሦስት ጊዜ እየዘረጋሁ ስለካ የሚቃወመኝ አልነበረም፤ ይልቁንም «ይታይሽ፣ እዚህ ጋ ልክ ነው?» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ሠላሳ ስድስቱ የባንዲራው እንጨት ጋ ስለደረሰ ይርጋለም እኩሌታው ላይ ማረፊያ የሚሆን ለጥ ያለ ቦታ አስተወችና መንገዱን አጠፈችው። ድንጋይ ያንሰናል ብለን ነበር፤ አላነሰንም። ከስፋቱ ያፈረስነው ለርዝመቱ በቃ። ውበቱ ትልልቁን ድንጋይ እየተሸከመ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር «ይኸው ትከሻችን አልቦዘነም» ይለኛል። እኔም «እሱንስ ማን ጠላ?» እለዋለሁ። ሐሙስ ተለሰነ። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ደረቀ። እኔ በየቀኑ ሄጄ በጣቴ ነካሁት።

ሰኞ ጠዋት ባንቺ ዊልቸሯን ከታች አቆመች። ግማሹ ጎጥ ወጥቷል። ይርጋለም በጆሮዬ «እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊ» አለችኝ። ሲባጎዬን እንደጨበጥኩ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አንዱን በአንዱ ያዝኩት። ዘወር ስል አያ ፈንታም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገዋል፤ ውበቱም፣ የማኅበሩ ሰዎች ሁሉም። አገር የሚሸከሙ ሰዎች እንደ እስረኛ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር።

ባንቺ ገፋች። መታጠፊያው ጋ ደርሳ ቆመች። ትንፋሿን ሰበሰበች። ወደ እኔ አላየችም። ያቺ ጥቂት ጊዜ ከዚያ የሐምሌ ምጥ ረዘመችብኝ። እግሬ አንድ እርምጃ ሊሄድ ተነሳና መለስኩት። ከዚያ ጎማው ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፤ የክፍሉን ደጃፍ አለፈች። ከውስጥ ድምፅዋ መጣ፦ «መምህር፣ የኔ ቦታ የቱ ጋ ነው?»

አያ ፈንታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አበሱ። እኔ አላለቀስኩም። ሲባጎውን አጥብቄ በመጨበጤ ቋጠሮው መዳፌ ላይ አሥራ ሁለት ምልክት አውጥቶ ነበር፤ እሱን ሳይ ቆየሁ።

እናንተ የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ እግሩ ያልታዘዘለት ልጅ ያላችሁ፣ ልንገራችሁ። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ሕግ የሚባለው ነገር የተማሩ ሰዎች ወረቀት ላይ የሚጨርሱት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሕጉ የእኛ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወስደው ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው። ልኩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስንት ኪሎ እንደምትመዝን፣ እጇ የት ላይ እንደሚዝል፣ ምን እንደሚያሳፍራት። ያንን ማንም ቅጽ አይጠይቃችሁም፤ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ፈሪ ቢሏችሁም ግድ አይስጣችሁ። ደጋግሞ መመልከት ሥራ ነው፤ ሰው የሚያስፈልገው ሥራ።

የሚረዳችሁን ሰው ማስቀየምም ቢያስፈራችሁ እኔም ፈርቻለሁ። አያ ፈንታ ግን ከዚያ ወዲህ ለእኔ ያላቸው ክብር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ማኅበሩም አልፈረሰም። የታመመ ሲኖር ጥሩንባው ይነፋል፤ የቀዩ በሬ ጠፍር ዛሬም ነፍስ ያድናል።

እኔ ደግሞ ሥራ በዛልኝ። በጅጋ መንገድ አዲስ ጤና ኬላ ወይም ትምህርት ቤት ሲሠራ ይርጋለም ትጠራኛለች። ሲባጎዬንና ግማሽ ጆንያ በቆሎዬን ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ስብሰባ ላይ ተጠርቼ፣ የተማሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ጆንያውን ዊልቸር ላይ አስቀምጬ አሳየኋቸው። ሳቁ፤ ከዚያ ጻፉ።

ባንቺ አሁን አራተኛ ክፍል ናት። እኔ የቆምኩበት ክፍል መሆኑ ነው። አንድ ችግር ብቻ ቀርቷል፤ ኅዳር በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ በርበሬውን መወጣጫው ላይ ያሰጣል። ባንቺ ጠዋት ዊልቸሯን ከታች አቁማ «የማን ነው? መንገዴ ላይ ነው፤ አንሱ!» እያለች ትጮኻለች። ትልልቅ ሴቶች እየሮጡ መጥተው ያነሳሉ። ሰው ሲያነሳት የኖረች ልጅ ናት ይህን የምትል።

ባለፈው ሳምንት ያስነሳችው የእኔን በርበሬ ነበር።